የልጆች የኃይል ሳይንስ ኪት፦ ዳይናሞው ብቻውን ዋጋውን ያወጣል

ደሴ ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነው የገዛሁት። ውስጡ ትንሽ ሶላር፣ ሞተር ከነማራገቢያው፣ ኤልኢዲ (ጥቃቅኗ ቆጣቢ መብራት)፣ የድሮ የባትሪ አምፖል፣ በእጅ ሲዘወር ኮረንቲ የሚያመነጭ ዳይናሞና ሽቦዎች አሉ። የሶላር መኪናም አለ። እሱን እርሱት፣ ምንጣፍ ላይ እንኳ አይሄድም።

ዳይናሞው ግን ሌላ ነገር ነው። ባዶውን ሲዘውሩት ቀላል ነው። ኤልኢዲውን ሲያገናኙት ብዙም ለውጥ የለውም፣ የባትሪ አምፖሉን ሲያገናኙት ግን እጀታው ከበድ ይላል። «አባዬ፣ ያዘኝ እኮ!» አለች ትንሿ። ኮረንቲው መፍሰስ ሲጀምር ጥቅልል ሽቦው ራሱ ማግኔት ይሆንና መዘወሩን ይቃወማል፣ ስለዚህ አምፖሉ ብዙ ሲበላ ክንድ ይደክማል። ኤልኢዲ ለምን ቆጣቢ እንደሚባል ከዚህ በላይ እንዴት ይነገራል? ልጆቼ ስለ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋትም በዜና ሲሰሙ ኖረዋል፣ አሁን እዚያ በክንድ ፈንታ ውሃ እንደሚዘውር ገብቷቸዋል። በተቃራኒው ሲዘውሩ ኤልኢዲው እንደማይበራ ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ደረሱበት።

ሶላሩ ከደሴ ደመና ጋር አይስማማም። የጦሳ ተራራ ጉም የወረደ ቀን ማራገቢያው ንቅንቅ አይልም። ኮምቦልቻ አክስታቸው ጋ ይዘነው ስንወርድ ግን ሽር እያለ ዞረ፣ ልጆቹም ወዲያው «ስለሚሞቅ ነው» አሉ። እዚህ ላይ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ይጠቅማል። ሶላሩን የጋለ ቆርቆሮ ላይ አቆይተን ስንለካው ቮልቱ ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ ወዲያው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ከነበረው ዝቅ አለ። የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም ማለት ነው። ሌላም አለ፦ እያንዳንዷ የሶላሩ ክፍል ግማሽ ቮልት ገደማ እየሰጠች በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንዷን በጣት ስትጋርዱ ሞተሩ ይደክማል ወይ ይቆማል። ልጆቹ በዚህ ሲጫወቱ ምሳ ረሱ።

አሁን ወደ ቅሬታው። መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ነው፣ ሥዕሎቹም ጥቃቅን ናቸው፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ትልቅ ሰው ከሌለ ልጅ ብቻውን አይወጣውም። የሶላሩ ሽቦ ብየዳ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተላቀቀ። ሱቁ «ከተከፈተ አንቀበልም» ብሎ መለሰኝ፣ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወስጄ ነው ያስበየድኩት።

አስተማሪ ከሆናችሁ አንድ ኪት ለስልሳ ተማሪ ምንም አይደርስም፣ ከተበላሸ መጫወቻ የሚወጣ ሞተርና ኤልኢዲ ግን ጥሩ ምትክ ነው፣ ሞተሩን እንደ ዳይናሞ ፈጠን አድርጎ ማዞር ብቻ ነው። ኪቱን ለቤት የምትገዙ ግን ሱቁ ውስጥ እያላችሁ አስከፍቱት፣ የሶላሩን ሽቦ ጎተት አድርጉ፣ ከዚያ ክፈሉ።