ለንባብ ቡድናችን ባለውለታ፣ ለአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ ጋሼ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ለሚሸጡ አንድ አባት ነው። የንባብ ቡድናችን አባላት «ጋሼ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እኔም በዚሁ መጠሪያ እቀጥላለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በየወሩ ካነበብናቸው ልብ ወለዶች አብዛኞቹ በእርሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። መጽሐፍ ሸጠውልን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋውን ከፍለን አመስግነን እንሄድ ነበር፤ እርሳቸው ግን የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ሰው እንደሚስማማ በትዕግሥት እያሰቡ ስለመረጡልን ጭምር ውለታቸውን በአደባባይ መናገር ይገባኛል።

ቡድናችን ዘጠኝ አባላት አሉት። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት ቡና ተፈልቶ እንሰበሰባለን፤ ተረኛው አባል አንብቦ የወደደውን አንድ ልብ ወለድ ያቀርባል፣ ለምን እንደወደደው ይናገራል፣ ሌሎቻችንም እስከሚቀጥለው ስብሰባ አንብበን ሐሳባችንን ይዘን እንመጣለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት የምናቀርበው «ቁም ነገር አለው» የሚባለውን ብቻ ነበር። የወንጀል ምርመራ፣ የስለላ ወይም የፍቅር ታሪክ አንብቦ የተደሰተ አባል ጥፋት እንደሠራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር ነበር፤ አንዳንዶቻችንም ያስመሸንን መጽሐፍ ትተን ሌላውን እናቀርብ ነበር። ይህ ልማድ ውይይታችንን አደርቆት እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በግልጽ ይታየኛል።

ጋሼን ያወቅኋቸው ተራዬ ደርሶ በነበረበት ወር ነው። ከሌላ ስፍራ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ገዝቼ፣ በዚህ ጊዜስ የምወደውን አቀርባለሁ ብዬ ቆርጬ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ሳነብ ቆየሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊገለጥ መርማሪው ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ውስጥ በሰበሰበበት ስፍራ መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ወደ ሸጠልኝ ሰው ብመለስ «ስሸጥልሽ ሙሉ ነበር» የሚል መልስ ብቻ አገኘሁ። ይህን ያጫወትኋት የቡድናችን አባል እጄን ይዛ ወደ ጋሼ ወሰደችኝ።

ጋሼ መጽሐፉን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱ። ከዚያም የተበጠሰውን ክር በጣታቸው ጫፍ እያሳዩ፣ መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አሥራ ስድስት ገጽ እስኪሆን ድረስ እንደሚታጠፍ፣ እጥፋቶቹም ተደራርበው በክር እንደሚሰፉ፣ ስለዚህም ክሩ ሲበጠስ የሚወጣው አንድ ቅጠል ሳይሆን እጥፋቱ በሙሉ እንደሆነ አስረዱኝ። «ልጄ፣ የጎደለብሽ አሥራ ስድስት ገጽ ነው፤ ይገኛል» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ሽፋኑና መጀመሪያው በውኃ የተበላሸ፣ መጨረሻው ግን ደህና የሆነ የዚያው ኅትመት ሌላ ቅጂ አግኝተዋል። ሁለቱን ጎዶሎዎች ለሚያውቁት ጠራዥ ሰጥተው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አስደርገውልኛል። ያስከፈሉኝ የጥረዛውን ዋጋ ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ቅጂ ልክፈል ብዬ ብለምናቸውም እሺ አላሉኝም። አዲሶቹ የመጨረሻ ገጾች ከሌሎቹ ትንሽ ነጣ ያሉ ስለሆኑ መጽሐፉን ከጎን ሲያዩት መጋጠሚያው ይታወቃል፤ እኔ ግን ከመደርደሪያዬ መጻሕፍት ሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራራቸውን በቅርብ አይቻለሁ። መጽሐፍ ሊገዛ የመጣን ሰው «ምን ልስጥህ?» ብለው አይጀምሩም፤ «ባለፈው እንቅልፍ የነሣህ መጽሐፍ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ሰምተው ጥቂት ያስባሉ፤ አንዳንድ ጊዜም የያዝነውን መጽሐፍ ከእጃችን ተቀብለው «ይህን ቆይተሽ ታነቢዋለሽ» በማለት ሌላ ይሰጡናል። ከመሸጣቸው በፊት የገጹን ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይፈትሻሉ፤ የጎደለ ካለ በሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል «ገጽ 113 እና 114 የለም» ብለው በእርሳስ ይጽፉና ዋጋውን ይቀንሳሉ። አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ደግሞ እንደ ጥንቱ የመጽሐፍ ኪራይ ማስያዣ ተቀብለው ያውሳሉ፤ መጽሐፉ በደህና ሲመለስ ጥቂት ብቻ አስቀርተው ማስያዣውን ይመልሳሉ። በፎቶ ኮፒ የተባዛ መጽሐፍ ግን ከእርሳቸው ዘንድ አይገኝም። በሕይወት ያለ ደራሲ ድርሰት ገበያ ላይ አዲስ ሆኖ እየተሸጠ የተባዛ ቅጂ የሚጠይቃቸውን ሰው ወደ መጻሕፍት መደብር ይልኩታል፤ ገቢያቸው አነስተኛ መሆኑን ስለማውቅ ይህን ጽናታቸውን በተለየ ሁኔታ አከብራለሁ።

ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። ከመከሩን ሁሉ ትልቁን ውይይት ያስነሣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከዘጠኛችን ስድስታችን ግን መጽሐፉን ራሱን አላነበብነውም ነበር። ጋሼ የሰጡን ምክር አጭር ነው፤ «ስለ ደራሲው የምታውቁትን ለአንድ ሳምንት ተዉትና እንደ ስለላና እንደ ፍቅር ታሪክ አንብቡት» አሉን። እንደተባልነው አደረግን። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሄዶ ከፊያሜታ ጋር የሚገባበትን ፍቅር፣ በዙሪያው ያለውን ክትትልና ጥርጣሬ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ ለማወቅ የሚደረገውን ውጥረት እየተከተልን ሳንጠራጠር እስከ መጨረሻው ተጓዝን። ልጅነቷን አስመራ ያሳለፈች አባላችን የከተማዋን ጎዳናዎች ስታነብ ሁለት ጊዜ መጽሐፉን ከድና እንደተቀመጠች ነገረችን። የደራሲውን ዕጣ ያነሣነው በመጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ከበደን፣ ምክንያቱም ያጣነው ሰው አንባቢን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንዴት መያዝ እንደሚችል አሁን በራሳችን አይተናልና።

ሌላው የማልረሳው፣ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው የማርጋሬት ሚሼል ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከ1000 ገጽ በላይ ያለው ነው፤ ነቢይ የተረጎመው ደግሞ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ነበር። ይህን ወሬ ብዙ ሰው ሰምቶታል፣ እኔም ሰምቼው ነበር። ጋሼ ግን መጽሐፉን ከመስጠታቸው በፊት ከአጠገባቸው ካለው ሱቅ ባዶ የሲጋራ ፓኬት አስመጥተው፣ ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘርግተው፣ እስክሪብቶ አቀበሉኝና ከመጀመሪያው ገጽ ጥቂት መስመር እንድገለብጥ ነገሩኝ። ፊደሌን የቻልሁትን ያህል አሳንሼ ጻፍሁ፤ ገጹን ሳላጋምስ ወረቀቱ ሞላ። ያችን ወረቀት በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ምልክት አድርጌ ይዣት ወደ ስብሰባው ሄድሁ፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞርም ለረጅም ጊዜ ማንም ሳይናገር ቆየ። «የፍቅር ታሪክ ለማሳለፊያ ነው» ይሉ የነበሩት አባላችን በሚቀጥለው ወር መጽሐፉን ጨርሰው የመጡ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

በቡድናችን ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በንባብ ምርጫ አይገናኙም ነበር። ወጣቱ በ2001 ዓ.ም. የታተመውን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ»ና ተከታዮቹን ደጋግሞ ያነበበ ነው፤ የጣና ገዳማት ምስጢርና የሳይንስ ምርምር በአንድ ታሪክ ውስጥ መገናኘታቸው እጅግ ይማርከዋል። መምህሩ በበኩላቸው በወጣትነታቸው ያነበቧቸውን፣ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሳቸውን የስለላ ታሪኮች የሚያህል የለም ይላሉ። ጋሼ ሁለቱም መጻሕፍቶቻቸውን እንዲለዋወጡ ካደረጉ በኋላ ሁለቱ ከስብሰባው አስቀድመው ስልክ እየተደዋወሉ ሲወያዩ መክረማቸውን ሰማን። መምህሩ «ዴርቶጋዳ» ላይ ያላቸው ቅሬታ አሁንም አልጠፋም፤ ክንውኑ ይፈጥንብኛል ይላሉ። እኔም በዚህ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ፣ ይሁንና በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ መጽሐፍ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሮጌ ልብ ወለድ የምትፈልጉ፣ የንባብ ቡድን የመሠረታችሁ ወይም ለመመሥረት የምታስቡ ሁሉ ወደ ጋሼ እንድትሄዱ ከልብ እመክራለሁ። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች መካከል ልብ ወለድ የሚያውቁትን አባት ብላችሁ ብትጠይቁ ጎረቤቶቻቸው ያሳዩአችኋል። የመማሪያ መጽሐፍ ብዙም ስለማይይዙ ለዚያ ባትደክሙ ይሻላል። ስትሄዱ ጊዜ ወስዳችሁ ሂዱ፤ ስለወደዳችሁት መጽሐፍ ሳያጫውቷችሁ ሌላ አይሰጧችሁም። ክሩ የተበጠሰ ወይም ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ካላችሁም አትጣሉት፣ ይዛችሁላቸው ሂዱ።

ጋሼ፣ ይህ ጽሑፍ በልጆችዎ በኩል ደርሶዎት ቢነበብልዎ፣ ዘጠኛችንም እጅ ነሥተናል፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለቀጣዩ ወር የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» ልናነብ ተስማምተን የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ክፍል ከእርስዎ አግኝተናል፤ ሦስተኛውን፣ «የአብዮት ማግስት»ን፣ እስካሁን እየፈለጉልን ነው። ቅጂው በቤቱ ያለና ለመሸጥ ወይም ለማዋስ ፈቃደኛ የሆነ አንባቢ ካለ ለእርስዎ ያድርስልን።