ጅማ ላይ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ለእኚህ አባት አሳዩ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ ያገለገለ መኪና ፍለጋ ከደላላ ደላላ የምትንከራተቱ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። አንድ አዛውንት መካኒክ ከስንት ጣጣ ገላግለውኛል። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሥራዬ ማርና ቡና ነው። ጌራ ድረስ እገባለሁ። እስከ አጋሮ ያለው መንገድ ምንም አይልም። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ከጣለ ያየ ያውቀዋል። በኪራይ መኪና መሰቃየት ሲመረኝ፣ ያለችኝን አሟጥጬ ፎር ዊል ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አሳር ለጠላቴም አልመኝ። አንዱ ደላላ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም አለኝ። ነዳጅ የላትማ! ነዳጁን እኔ ልቅዳ ስለው ደግሞ ቦሎ የላትም ሆነ። ቼክ እንዲያደርግልኝ የከፈልኩት መካኒክ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ። "እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ" አለኝ። ወዲያው ከደላላው ጋር ጥግ ይዘው ኮሚሽን ሲተሳሰቡ በገዛ ዓይኔ አየኋቸው። አፍረው እንኳ ድምፃቸውን አልቀነሱም። ሌላው ጭራሽ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" አለኝ። ገንዘቡን የሚከፍለው ባሌ መሰለው እንዴ? ቡና ሲደርስ ከተማው ውስጥ ብር እንደሚንቀሳቀስ ያውቃሉ። ጥቅምት ከገባ ሁሉም መኪና "እንደ አዲስ" ነው። ሁሉም ሻጭ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ነው የሚሸጠው።

ተስፋ ቆርጬ ሳለ የአክስቴ ልጅ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ያሉት እኚህ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰደኝ። ሰፈሩ ሁሉ "ማስተር" ነው የሚላቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ አልጽፍም።

አንዲት ነጭ ሃይሉክስ ልናይ ሄድን። ሻጩ ቁልፉን ይዞ ሊያስነሳት ሲጣደፍ ማስተር እጃቸውን አነሱ። "ቆይ ልጄ፣ አትንካት።" ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። ትንሽ ዝም አሉ።

"ይቺ መኪና እኛ ሳንመጣ ተነስታለች።"

"ቦታ ላስይዛት ብዬ ነው አባባ..." አለ ሻጩ።

"ግድ የለም። ነገ በጠዋት እንመጣለን። ማንም እንዳያስነሳት። ሞተር የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው። ከሞቀማ ብዙ ነገር ይደብቃል።"

በማግስቱ ለካ ጉዷ ሌላ ነው። አጉረመረመች፣ አጉረመረመች፣ በመከራ ስትነሳ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ታፈነ። ዘይት ትበላለች አሉኝ። ሌላም ብዙ ነገር ዘረዘሩልኝ፣ አንዱም አልገባኝም። "ተያት" ያሏት ቃል በቂዬ ነበረች። ልብ በሉ፣ ብገዛት ኖሮ እየጠገኑ የሚበሉባት እሳቸው ነበሩ። ለዚያች መኪና አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። "ያልገዛሽውን ምን ብዬ አስከፍልሻለሁ?" ነው ያሉት። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሌላ አገኘን። የዚህችኛዋ ደላላ ገና ስንገባ ቴፑን ለቀቀው። ማስተር ከኋላ ወንበር ሆነው እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት። "ዘፈኑን ቤታችን እንሰማዋለን። አሁን መኪናዋ ትናገር።" መስኮቶቹን በሙሉ አስከፈቱ። አስፋልቱ ላይ እየነዳሁ መሪውን ለቀቅ አድርጊ፣ ፍሬን ያዢ፣ ማርሽ ቀይሪ ይሉኛል፣ እሳቸው ጆሯቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። ፎር ዊሉን ግን እዚያ ላስገባ ስል ከለከሉኝ። እንዲህ ያለች መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ከገባ ትጎዳለች፣ ጎማው መንሸራተቻ ይፈልጋል፣ የሚሞከረው ጭቃ ላይ ነው አሉኝ። በዴዶ መንገድ ወጣ ብለን ወደ አንድ የጭቃ መንገድ ታጠፍን።

እዚያ ስንደርስ እሳቸው የሚነዱ መስሎኝ ልወርድ ስል፣ "የት ነው? ጌራ የምትገቢው አንቺ አይደለሽ?" አሉኝ። ደላላው ሳቀ። "አባባ፣ እዚሁ ትቀራለች እኮ!" ዞር ብለው አዩት። "ብትቀር አንተ ትገፋለህ።"

ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በኮንጎ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ወርደው በመስኮቴ በኩል አብረውኝ መራመድ ጀመሩ። "አጭሯን ማርሽ አስገቢ። ቀስ። ነዳጅ አትስጪ፣ ራሷ ትውጣ።" ሞተሩ ሲጠፋብኝ አልተቆጡም። "ድገሚ" ብቻ። እየደጋገምን ወጣሁት። ደላላው ዝም። ባለቤቴም ወንድሞቼም መንዳትን እንዲህ ታግሠው አስተምረውኝ አያውቁም። ወንድሜማ ያኔ ሊያለማምደኝ ሞክሮ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ነው ቤት የገባው።

በዚህም አላበቁም። በባትሪ እያበሩ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ። "ዕዳና እገዳ ሳታጣሪ ብር ከእጅሽ እንዳይወጣ" ብለው ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ላኩኝ። አጣራሁ፣ ንጹሕ ናት። ከዚያ ገዛኋት። ክረምቱን ሙሉ ጌራ ተመላልሼባታለሁ፣ አንድ ቀን አላስቆመችኝም።

ወገኖቼ፣ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ገንዘብ ይዛችሁ በደላላ ምላስ አትግዙ። ማስተርን ይዛችሁ ሂዱ! ዋጋቸው ተመጣጣኝ ነው፣ እኔ እንዲያውም ያንሳል ባይ ነኝ። ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ። ሴቶች ደግሞ በተለይ ሂዱ፣ እንደ ሰው ነው የሚያናግሯችሁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ከአንድ ቀን በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ግን አትደውሉ፣ አያነሱም።