ራማችሁ ተቃጥሏል ሲሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ላፕቶፓችሁን ወደ ዊንዶውስ 11 ለመቀየር ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ጥገና ቤት አትሂዱ። እኔ ላልተቃጠለ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ማስታወሻ) 3,500 ብር ከፍያለሁ። ላልተበላሸ ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚገጠምበት ዋናው ሰሌዳ) ደግሞ 12,000 ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። እኔም እንደ ብዙው ሰው ላስቀይር ብዬ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። "አብሽር፣ እስከ ከሰዓት ይደርሳል" አለኝ ልጁ። ፋይሌ እንዳይጠፋብኝ ፎርማት ሳይደረግ ከላዩ እንዲጫን ነገርኩት። ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ብቻ ስለነበረው ሌላ 4 ጊጋ ጨመረበት። 4 ጊጋ ለዊንዶውስ 11 የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ስለሆነ እስከዚህ ምክሩ ጥሩ ነበር።

ቤት ገብቼ ስከፍተው ከበፊቱ ብሶ ዘገየ። 8 ጊጋ ተገጥሟል ይላል፤ መጠቀም የሚቻለው ግን 4 እንኳን አይሞላም። በማግስቱ ወሰድኩት። ልጁ ከፍቶ እንኳን ሳያየው "የድሮው ራም ተቃጥሏል፣ አዲሱን ዊንዶውስ አልቻለውም" አለኝ። አመንኩት። ሌላ ራም ገዛሁ፤ የድሮው እዚያው ቀረ። ምንም ለውጥ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ "እንግዲያው ማዘርቦርዱ ነው" ተባልኩ።

ያዳነኝ ከኮምቦልቻ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው "ፈጣን ይሆንልሃል" ብሎ የማስነሻ ሴቲንጉን ነካክቶት ነበር። ማክሲመም ሜሞሪ (ከፍተኛው የራም መጠን) የሚለው ላይ 4096 ሜጋባይት፣ ማለትም 4 ጊጋ፣ ተሞልቷል። ያኔ ያለው ራም 4 ጊጋ ስለነበር ጉዳቱ አልታየም። ዊንዶውሱ ከላዩ ሲጫን የድሮው ሴቲንግ አብሮ ተሻገረና አዲሱን ራም ዘጋው።

እናንተም ይህንን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር (R) ጋር ተጫኑና ኤምኤስኮንፊግ (msconfig) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ኢንተር በሉ። ቡት የሚለውን፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስን ክፈቱ። ማክሲመም ሜሞሪና ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ ላይ ምልክት ካለ አንሱትና ሪስታርት አድርጉ። ሁለተኛውም ያው ነው፤ ኮምፒውተሩ በፕሮሰሰሩ ከፊል ብቻ እንዲሠራ ያደርገዋል እንጂ አያፈጥነውም።

ከምንም በፊት ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና ስንት ራም እንደሚያይ ተመልከቱ። ባዮስ 8 ካየ፣ ዊንዶውስ ግን ግማሹን ብቻ ከተጠቀመ፣ "ተቃጥሏል" የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። መጀመሪያ ሴቲንጉ ይታይ በሉ።

ጎረቤቴ ላይ የደረሰው ደግሞ በሃርድ ዲስክ ነው። ጥገና ቤት ያሉት ልጆች ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ (አዲሱን የማስነሻ ዘዴ) ይፈልጋል ብለው ባዮሱን ከሌጋሲ (ከድሮው ዘዴ) ወደዚያ ቀየሩት። ዲስኩ ግን በድሮው በኤምቢአር አሠራር የተከፋፈለ ነበር። ስለዚህ አልነሳ አለ። "ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ" አሏት። ሴቲንጉ ወደ ሌጋሲ ሲመለስ የልጆቿ ፎቶ ሁሉ እንዳለ ተገኘ። ዲስኩን ፋይል ሳይጠፋ ዩኢኤፍአይ ወደሚፈልገው አዲስ አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ፣ የሚቀይር መሣሪያ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ አለ። ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ገልብጡ እንጂ ዲስክ ለመግዛት አትቸኩሉ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የተከፈተበት ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ባዮስ ከመነካቱ በፊት የመክፈቻ ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ፤ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ጥገና ቤቶቹ ስትጨነቁ ያውቃሉ፤ የተባላችሁትን ትከፍላላችሁ። የተነቀለውን ዕቃ ተቀበሉ፣ ደረሰኝም ጠይቁ። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም። ተመልሼ የድሮውን ራሜን ስጠይቅ "ተሽጧል" አለኝ፤ "ተቃጥሏል" ያለኝ ያው ልጅ።