በትንሽ ገንዘብ የሞዴል ባቡር፦ ኤች ኦ ወይስ ኤን? አዲስ ወይስ ያገለገለ?

የሞዴል ባቡር የሀብታም መዝናኛ የሚመስለው የመደብሩን መስኮት ብቻ አይቶ ለሚመለስ ሰው ነው። እርግጥ ነው፣ ድምፅ የሚያወጣ አዲስ ሎኮሞቲቭ ብቻውን የወር አስቤዛ ይጎርሳል። ይሁንና ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ እየተንገጫገጨ የማይቆም፣ ደህና አድርጎ የሚሄድ ባቡር ማቆም ይቻላል። ሚስጥሩ ምኑ ላይ መሰሰት፣ ምኑ ላይ አለመሰሰት እንደሚገባ ማወቅ ነው፦ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው ያገለገለ ይሁን፤ ሐዲዱ ግን አዲስ። ዋጋዎቹን የጻፍኩት አሜሪካ ያለውን ገበያ ይዤ በግምት ነው።

ኤች ኦ እና ኤን

በአሜሪካ ገበያ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ሁለት ልኬቶች ናቸው። ኤች ኦ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያንሳል፤ ሐዲዱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። 12 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ በኤች ኦ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በኤን ደግሞ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ብዙ ጀማሪ «ትንሹ ይረክሳል» ብሎ ኤንን ያነሳል። አይረክስም። አዲስ የኤን ሎኮሞቲቭ ዋጋው ከኤች ኦው ብዙም አይርቅም፤ ያገለገለውም በኤች ኦ መጠን እንደ ልብ አይገኝም። ኤን የሚቆጥበው ቦታ ነው። በኤች ኦ የተለመደው ጠባብ ኩርባ ሬዲየሱ 18 ኢንች ስለሆነ ክቡ ብቻ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ይወስዳል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሙሉ ፕላይውድ የጀማሪ ጠረጴዛ ሆኖ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። የኤን ክብ ግን ከግማሽ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ውስጡ ባዶ በሆነ ተራ የክፍል በር ላይ ተዘርግቶ፣ ጨዋታው ሲያበቃ አልጋ ሥር ይገባል።

ሁለት ልጆች ይዞ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ኤን ይግዛ። ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ያለው ሰው ግን ኤች ኦን ቢመርጥ ይሻለዋል። የኤን ሎኮሞቲቭ ቀላል ስለሆነ ሐዲዱ ላይ ትንሽ አቧራ ሲያገኝ ይደናቀፋል፤ ሲበላሽም ለመጠገን ማጉያ መነጽርና የተረጋጋ እጅ ይጠይቃል። የኤች ኦን ሆድ ዕቃ በካቻቢቴ ፈትቶ መልሶ መግጠም የማይችል ሰው ጥቂት ነው።

ሙሉ ስብስቡ በሳጥን

ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት አራት ፉርጎ፣ የሐዲድ ክብና መቆጣጠሪያ በአንድ ሳጥን ይመጣል። የኤች ኦው በአብዛኛው ከ130 እስከ 250 ዶላር ይሸጣል። ለገና ስጦታ የሚፈልግ ይግዛው፤ ከሰዓት ገዝቶ ማታ ማስኬድ ይቻላል። ነገር ግን ሐዲዱ የተቀመጠበትን የፕላስቲክ መሠረት ቀለም ልብ ይበሉ። ባክማን በሚሠራው ኢዚ ትራክ ላይ ጥቁር መሠረት ያለው ሐዲዱ ብረት ነው፤ እርጥበት ባለው ምድር ቤት ይዝጋል። ግራጫ መሠረት ያለው ኒኬል ሲልቨር የሚባለው የማይዝግ የመዳብ ቅይጥ ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ዕድሜው ይረዝማል። የአሮጌ ስብስቦች የናስ ሐዲድ ደግሞ በነጻ ቢሰጥም እምቢ የሚባል ነው። ቶሎ ቶሎ ካልተጠረገ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ባቡሩ በቆመ ቁጥር ጥፋቱ የሎኮሞቲቩ ይመስላል እንጂ የሐዲዱ ነው።

በኤን በኩል ካቶ የተባለው አምራች ከሚሠራው ዩኒትራክ ከተባለው ሐዲድ የሚሻል የለም። ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን ኒኬል ሲልቨር ነው፣ ተገጣጥሞ ተፈትቶ አይሰለችም። ቋሚ ጠረጴዛ ለሌለው ሰው ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ነገር የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንዱ አምራች መሠረት ያለው ሐዲድ ከሌላው ጋር በቀጥታ አይገጥምም፤ በመጀመሪያው ቀን የመረጡት አብሮዎት ይኖራል።

ያገለገለ ዕቃ

ኪስ የሚድነው እዚህ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ሰው በሜሪላንድ ቲሞኒየም የሚካሄደውን ትልቅ የሞዴል ባቡር ገበያ ቢጎበኝ፣ ጠረጴዛ ሙሉ ፉርጎ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 10 ዶላር ሲሸጥ ያያል። ከሎኮሞቲቮቹ መካከል የምመክረው «አተርን» (Athearn) የተባለው አምራች በሰማያዊ ሳጥን ይሸጣቸው የነበሩትን የድሮ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ነው፤ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው። እጅ ላይ ሲያርፉ ክብደታቸው ይታወቃል። ሞተሩ መሃል ላይ ተቀምጦ የፊቱንም የኋላውንም መንኮራኩሮች ያሽከረክራል፤ ዲዛይኑ ለብዙ ዓመታት ብዙም ስላልተለወጠ መለዋወጫው አያስቸግርም። የሚንቀጠቀጥ ቢሆን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ቆርቆሮዎች መጥቆር ነው፤ በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጎ ማጥራት ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለአሻንጉሊት መደብር የተሠሩት ግን ሞተራቸው ከፊት ወይም ከኋላ ባሉት መንኮራኩሮች ላይ ብቻ ተለጥፎ የሚመጣ ነው፤ መልካቸው ቢያምርም አምስት ፉርጎ ለመሳብ ይጨነቃሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ሎኮሞቲቩን ገልብጠው መንኮራኩሮቹን ይመልከቱ፤ ፀጉርና የምንጣፍ ክር ከተጠመጠመበት ወለል ላይ ሲነዳ የኖረ ነው። ከዚያ ሻጩ በሐዲድ ላይ እንዲያስኬደው ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። በዝግታ ሲሄድ በእኩል ልዩነት «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ከማርሽ ጥርሶቹ አንዱ ተሰንጥቋል። የፉርጎ ማያያዣውንም ይዩ፤ የድሮው ቀንድ መሰል የፕላስቲክ ማያያዣ ከአሁኑ የታጠፈ ጣት መሰል መንጠቆ ጋር አይያያዝም። የሁሉንም መቀየር የርካሹን ፉርጎ ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

መቆጣጠሪያው

አንድ ባቡር ብቻ ለሚያስኬድ ሰው ተራው የቀጥታ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ይበቃዋል። ዲሲሲ የሚባለው ዲጂታል ሥርዓት ጥቅሙ በአንድ ሐዲድ ላይ በርካታ ሎኮሞቲቮችን ለየብቻ ማዘዝ ነው፤ የፋብሪካው ጀማሪ ሥርዓት ግን 200 ዶላር ገደማ ያስወጣል። ኤሌክትሮኒክስ የሚወድ ሰው አርዱዊኖ በምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ የሚሠራውን ነጻውን የዲሲሲ ኢኤክስ ሶፍትዌር ቢጭን ወጪው በጣም ይቀንሳል። ከላይ ያሞገስኳቸው የአተርን ሎኮሞቲቮች ግን ሞተራቸው ከብረት አካላቸው ጋር በኤሌክትሪክ የተገናኘ ነው፤ ሳይለዩ ዲኮደር (ሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆኖ ዲጂታሉን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሰሌዳ) መግጠም ዲኮደሩን ማቃጠል ነው።

የለገሃሩን ባቡር ለሚናፍቁ

አንዳንዱ የሚፈልገው የአሜሪካን ባቡር ሳይሆን በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባውን የጅቡቲ ባቡር ነው። አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተራው የኤች ኦ ሐዲድ ይበቃዋል። አሮጌው ግን አንድ ሜትር ነው፤ በኤች ኦ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። በዚህ ስፋት የሚሸጡት በአብዛኛው የስዊዘርላንድ ባቡሮች ናቸው፤ ዋጋቸውም አይቀመስም። ጀርመን ያለ ሰው ግን መውጫ አለው። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የተወደደው ቲቲ ልኬት ሐዲዱ ያው 12 ሚሊ ሜትር ነው። ያገለገለ የቲቲ ሎኮሞቲቭ ገዝቶ አካሉን አውልቆ፣ ሞተሩና መንኮራኩሩ ላይ የራሱን አካል በካርቶንና በፕላስቲክ መሥራት ይችላል። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ መቆጣጠሪያ የሚልክ ደግሞ የአሜሪካው ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ መሆኑን አይርሳ፤ እንዲህ ያለው 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል።