ፖግስን ለጭፈራ ብቻ ለምትሰሙ

ፖግስ የሚባለውን ባንድ የሚያውቅ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ አያጋጥመኝም። የሚያውቁትም ወይ አንዷን የገና ዘፈን ነው፣ ወይ መድረክ ላይ ሲዘሉና ሲጮኹ የሚያሳየውን የዩቲዩብ ቪዲዮ። ጥሩ ነው፣ እሱንም እወደዋለሁ። ግን ይሄን ባንድ ከሌላው የምለየው በሚያስጨፍሩት ዘፈኖች አይደለም። በሚያሳዝኑት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለት አልበሞቻቸው ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ስለ ጨለማዎቹ ዘፈኖች።

ለማያውቃቸው ባጭሩ። ባንዱ የተመሠረተው በ1982 ለንደን ውስጥ ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሚጫወቱት የአየርላንድን የባህል ሙዚቃ ነው፣ ባንጆ፣ አኮርዲዮን፣ ከቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ዋሽንት፤ ፍጥነቱ ግን የፓንክ ነው፣ የዚያ ፈጣንና ጯሂ ሮክ። ዋሽንት ነፊው ስፓይደር ስቴሲ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቢራ ትሪ በገዛ ራሱ ላይ እየመታ ምት ያወጣ ነበር። ዘፋኙና ዋናው ግጥም ጸሐፊ ሼን ማክጋዋን በ1957 ልክ በገና ቀን እንግሊዝ ውስጥ ከአይሪሽ ወላጆች ተወለደ፣ በኅዳር 2023 መጨረሻ ሞተ።

የኛ ጆሮ ለሐዘን የለመደው ሌላ ነገር ነው። ሐዘን ሲባል ትዝታ ነው፣ እንጉርጉሮ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ግን እየሮጡ ያዝናሉ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሰምቷቸው ሐዘኑን ሳያየው የሚያልፈው። እውነቱን ለመናገር ለድሬ ልጅ ይሄ ያን ያህል እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የአሊ ቢራን ዘፈን ሰርግ ላይ ሲጨፈርበት አይተን፣ ማታ ብቻችንን በረንዳ ላይ ስንሰማው እኮ ሌላ ዘፈን ይሆንብናል።

ከ1985ቱ አልበም እንጀምር። ስሙ «ረም፣ ሶዶሚ ኤንድ ዘ ላሽ» ይባላል፣ ፕሮዲውስ ያደረገው ኤልቪስ ኮስቴሎ ነው። እዚህ ውስጥ «ናቪጌተር» የምትባል ፊል ጋስተን የጻፋት ዘፈን አለች። ለድሬዳዋ ሰው አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ ብባል እሷን ነው የምመርጠው። ስለ ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝን ቦዮችና የባቡር ሐዲዶች በዶማና በአካፋ ስለቆፈሩት የቀን ሠራተኞች። ተራራ ፈለጡ፣ ድልድይ ሠሩ፣ በመቶ በመቶ እየሆኑ ሞቱ፣ መቃብራቸው ላይ ምልክት እንኳ አልቆመላቸውም። የቀረው የኮንትራክተሩ ኪስ ውስጥ የገባው ገንዘብ ነው ይላል ግጥሙ። ሙዚቃው ደግሞ ሰልፍ የሚያስወጣ ዓይነት ነው፤ እግር ይመታል። መቃብሩ ጋ ሲደርስ እንኳ አይዘገይም። መዘግየት ነበረበት ትላላችሁ፣ ሥራው ግን ለማንም አልቆመም፣ ዘፈኑም አይቆምም።

እኛ እኮ የባቡር ልጆች ነን። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሐዲድ በ1902 መጨረሻ ላይ እዚህ ባይደርስ ይቺ ከተማ ባልኖረችም ነበር። ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተነሣ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ታሪኩን ስናወራ የምኒልክን፣ የሐዲዱን ኩባንያ ያቋቋሙትን የሁለቱን ፈረንጆች የኢልግንና የሼፍኔን ስም እንጠራለን። በዚያ ከጅቡቲ እስከዚህ ባለው ሐሩር ድንጋዩን የፈለጠውን ሰው ግን ማን ስሙን ጠርቶት ያውቃል? ዘፈኗን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ለሆኑ አባት፣ ከዚራ አሮጌው ጣቢያ አጠገብ ቁጭ ብለን፣ ስንኝ በስንኝ እየተረጎምኩ አሰማኋቸው። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሳቸው፣ አንዱን እኔ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቀን ስንት ነበር የሚከፈላቸው?» ዘፈኑ እሱን አይናገርም። እሳቸው ግን ሁለቴ ጠየቁኝ።

«ዘ ኦልድ ሜይን ድራግ» የሚባለው ደግሞ ከባድ ነው፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በ16 ዓመቱ ጥቂት ገንዘብ በኪሱ፣ ትንሽ ሻንጣ በእጁ ይዞ ለንደን የገባ ልጅ ነው የሚተርከው። መጨረሻው ጎዳና ነው። ገላውን ይሸጣል፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ይደበደባል፣ በመጨረሻ ያለበትን ቦታ ሲነግረን ከዚያ እንደማይነሣ ይገባናል። ማክጋዋን ይሄን ሁሉ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። አያለቃቅስም። ከሥር አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ እንደ ንብ ይነዝዛል፣ በላዩ ላይ ልጁ ዝም ብሎ ያወራል። መርካቶም ሆነ እዚሁ ኮኔል አካባቢ ካርቶን ዘርግቶ የሚያድር ልጅ አይተን የምናልፍ ሰዎች ይሄን ዘፈን ሰምተን ማለፉ ይከብደናል። ለእኔ ከባንዱ ግጥሞች ሁሉ በጣም ሐቀኛው ይሄ ነው። ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ግን አትክፈቱት።

«ኤ ፔር ኦፍ ብራውን አይስ» ዜማው ቶሎ ልብ ውስጥ የሚገባ ነው። ፍቅር የጎዳው ወጣት ጠጥቶ መጠጥ ቤት ተቀምጧል፣ አንድ ሽማግሌ ይመጣና የጦርነት ወሬውን ይጀምርለታል፣ ስለ ተቆራረጠ አካል፣ ስለሚጠብቀው ቡናማ ዓይን። ወጣቱ ሽማግሌውን ይጠላዋል። የራሱን ቁስል እያከከ የሌላውን መስማት አይፈልግማ! እንዲህ ዓይነት ሐቅ ዘፈን ውስጥ ብዙ አይገኝም።

አልበሙ የሚያልቀው በስምንት ደቂቃ ዘፈን ነው፦ «ኤንድ ዘ ባንድ ፕሌይድ ዋልትዚንግ ማቲልዳ»። ዘፈኑ የራሳቸው አይደለም፤ ስኮትላንድ ተወልዶ አውስትራሊያ የኖረው ኤሪክ ቦግል በ1971 የጻፈው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ የዘመተ አውስትራሊያዊ ወጣት ሁለት እግሩን አጥቶ ይመለሳል። ወደቡ ላይ ሰልፈኛ ባንድ ይጫወትለታል፣ ሕዝቡ ግን ሲያየው ዝም ይልና ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ በየሚያዝያው የድሮ ጓዶቹ ሲሰለፉ በረንዳው ላይ ሆኖ ያያል። በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ወጣቶቹ ለምንድን ነው የሚሰለፉት ብለው ይጠይቃሉ፣ እሱም ራሱን ያንኑ ይጠይቃል።

ይሄን ዘፈን ጥሩ ድምፅ ያላቸው ብዙ ሰዎች ተጫውተውታል። የማክጋዋንን የምመርጠው ድምፁ ስለማያምር ነው። የደከመ ሰው ድምፅ ነው፣ የስንኙ መጨረሻ ላይ ቃሉ ይወድቅበታል፣ አንሥቶ እንደገና ይሄዳል። ሲጀምር ከባንጆና ከድምፁ በቀር ሌላ የለም ማለት ይቻላል፤ የነሐስ መሣሪያዎቹ፣ እነ መለከት፣ ኋላ ላይ ሲገቡ ነው ሰውነት የሚወረው። እኛም አገር ከዘመተ የተመለሰ፣ ወይም ያልተመለሰ ሰው የሌለበት ቤት የለም። የሶማሊያ ጦር በእኛ አቆጣጠር በ1969 ክረምት እዚህ ድሬዳዋ አፋፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ያኔ የቆሰሉ ሰዎች አሁንም በክራንች ሲሄዱ እናያቸዋለን፣ ሰላም እንላቸዋለን፣ ወሬያቸውን ግን ስንቶቻችን ነን ቁጭ ብለን የሰማነው።

ወደ 1988ቱ አልበም ልሂድ፣ «ኢፍ አይ ሹድ ፎል ፍሮም ግሬስ ዊዝ ጎድ»። ፕሮዲውሰሩ ስቲቭ ሊሊዋይት ነው። ከፊተኛው የጠራ ነው፣ መሣሪያውም በዝቷል። የገናዋ ዘፈን «ፌሪቴል ኦፍ ኒውዮርክ» እዚህ ናት። ከከርስቲ ማኮል ጋር የተዘፈነችው፣ በ1987 እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ ደረጃ የደረሰችው። የገና ዘፈን ይሏታል እንጂ በዋዜማው ሰክሮ ከታሰረ ሰው የምትጀምር፣ ሁለት ሰዎች የጠፋ ዕድሜያቸውን አንዳቸው በሌላው ላይ የሚያላክኩባት ዘፈን ናት። ታውቋታላችሁና እዚህ ላብቃ።

እኔ ማውራት የምፈልገው ጊታሪስቱ ፊሊፕ ሼቭሮን ስለጻፈው ስለ «ታውዘንድስ አር ሴይሊንግ» ነው። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ በድንች በሽታ ምክንያት የመጣው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ገደለ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ አገሩን ጥሎ ወጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ ወጣቱ ሥራ አጥቶ እንደገና ይሰደድ ነበር። ዘፈኑ ሁለቱን ዘመን ያገናኛል። አዲሱ ስደተኛ ኒውዮርክ ላይ የድሮውን ስደተኛ መንፈስ ያገኘውና በጥያቄ ያጣድፈዋል። ባቡር ሐዲድ ላይ ሠራህ ወይ? ገንዘቡን ከየት አገኘኸው? የአገርህ ዘፈን አጽናናህ ወይስ አሳቀቀህ? መንፈሱም ይመልሳል፦ ኧረ የለም፣ እኔ የመጣሁት በሬሳ መርከብ ነው፣ ስሜን ሊቀይሩብኝ እንኳ አልደረስኩም። በቃ። ባሕሩ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ዘፈኑን አቁሜ ትንሽ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ እሱ ግን አይጠብቅም፣ ወዲያው ወደ አዝማቹ ይገባል፣ አዝማቹ ደግሞ እጅ አንሥቶ የሚያስዘፍን ነው!

ይሄ ዘፈን ለኛ ካልሆነ ለማን ነው? ከየገጠሩ ተነሥቶ በዚሁ ከተማ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ልጅ እናውቀዋለን። ከኦቦክ በጀልባ ተነሥቶ፣ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ፣ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። የደረሰ አለ። ስልኩ የተዘጋ አለ። ዘፈኑ ውስጥ ሌላም ስንኝ አለ፤ ስደተኞቹ ሰማያዊ ሰማይ ያለበት ፖስትካርድ ወደ ቤት ይልካሉ፣ የሚልኩት ግን የቀን ብርሃን ከማያውቀው ክፍል ሆነው ነው ይላል። ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን ከሚልኩት ፎቶ ጋር ልዩነቱ ምንድን ነው? ያው የሕንፃ መብራት፣ ያው ፈገግታ። ከሁሉም የሚያመኝ ግን የትም ሄደን የምናወድሰው ስደተኛ ያደረገንን አገር ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ምሬት አለበት፣ ፍቅርም አለበት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚዘፍነው።

በዚሁ አልበም ላይ በ1974 የበርሚንግሃም የመጠጥ ቤት ፍንዳታ ያለ ጥፋታቸው ስለታሰሩ ስድስት ሰዎች የተዘፈነ አለ። የእንግሊዝ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ በ1988 እንዳይተላለፍ ከለከለው። ሰዎቹ በ1991፣ ከ16 ዓመት በኋላ ተፈቱ። እንደ ዘፈን ከሌሎቹ አይበልጥም፣ ንዴቱ ከዜማው ቀድሞበታል። እንደ ምስክርነት ግን መሰማት አለበት።

የማክጋዋን ቀብር በታኅሣሥ 8፣ 2023 ኔና በምትባል የቲፐራሪ ከተማ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገናዋ ዘፈን ሲዘፈን ቤተሰቡ ተነሥቶ ጨፈረ። አንዳንድ ሰው ቪዲዮውን አይቶ ነውር ነው አለ። እኔ አልመሰለኝም። በኛም አገር ድሮ ለጀግና ለቅሶ ይፎከር ነበር፣ ደረት እየተመታ ይዘፈን ነበር፣ አስለቃሿ ግጥሟን በምት ነበር የምታወርደው። እነዚህም ሰዎች ሐዘንና ጭፈራን ለይተው አያውቁትም፣ ባንዱን የሠራውም ይሄው ነው።

እንከኑን ልናገር። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፣ ሰውየው ቃል ይውጣል። ግጥሙን ከኢንተርኔት አውጥታችሁ እያነበባችሁ ስሙ፣ ያለዚያ ግማሹ ያመልጣችኋል። በስልክ ስፒከር አትስሙት፣ የቆርቆሮዋ ዋሽንት ጆሮ ትበሳለች፣ ከሥር ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለበርጫም አይሆንም አቦ፤ ሞክረነው ጨዋታ አጠፋብን። የ1988ቱ አልበም ደግሞ አንዳንዴ መለከቱና ግርግሩ ይበዛበታል፤ ከሐዘኑ ቀጥሎ የሚመጣው የጭፈራ ዘፈን ስሜቱን ይሰብረዋል። ስለዚህ የቆየውን፣ ሻካራውን የ1985ቱን አስበልጣለሁ።

ለጀማሪ፦ በ«ኤ ፔር ኦፍ ብራውን አይስ» ግቡ፣ ከዚያ «ናቪጌተር»ን፣ ከዚያ የስደቱን። የጋሊፖሊውንና የለንደኑን ልጅ ለየብቻ፣ በሌላ ቀን ስሟቸው፤ አንድ ላይ አይቻሉም። ማክጋዋን በ1991 ከባንዱ ከወጣ በኋላ የተሠሩት ሁለት አልበሞች ላይ ግን ጊዜም ዳታም ባታባክኑ እመክራለሁ።