ፋይናል ፋንታሲ 14 ከወራት በኋላ፦ በነፃው እስከ የት?

ይህን በኢንተርኔት ከብዙ ሰው ጋር የሚጫወቱት ጌም አዲስ አበባ ሆኜ ወራት ተጫውቼዋለሁ። እስካሁን ሳንቲም አልከፈልኩም። ነፃ ሙከራው ዋናውን ጨዋታና ሁለት ማስፋፊያዎችን (በኋላ የተጨመሩ ትልልቅ ክፍሎችን) ይዞ እስከ ደረጃ 70 ይሄዳል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። የዶላር ካርድ ለሌለው ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰርቨሬ አውሮፓ ስለሆነ ፒንጌ (መልእክቱ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከፍተኛ ነው። የተኩስ ጌም ቢሆን ማን እንደገደለኝ እንኳ አላይም ነበር። እዚህ ግን አብዛኛው ምት በ2.5 ሰከንድ ልዩነት ስለሚመጣ መዘግየቱ ብዙም አይሰማም። የሚያናድደው ጠላት የሚመታበትን ቦታ ለማሳየት መሬት ላይ የሚሰመረው ብርቱካናማ ምልክት ነው። ሰርቨሩ የሚፈርደው ጠላት ምቱን አዘጋጅቶ ሲጨርስ የት እንደነበርክ አይቶ ነው። እኔ ስክሪኔ ላይ ወጥቻለሁ፣ ሰርቨሩ አልወጣህም ይላል። መፍትሔው ቀድሞ መሮጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን መፍትሔ የለም፤ አራት ሆነን ዳንጀን (በቡድን የሚገባበት የፍልሚያ ቦታ) ገብተን ሂለሩ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያክመው፣ እኔ ከሆንኩ ሦስቱን ጉድ አደረግኳቸው።

ጌሙ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆቹ መስከረም 2010 ሲወጣ ወደቀ። ለመልኩ ከልክ በላይ ተጨንቀውለት ነበር፤ አንድ የአበባ ማሰሮ የተጫዋቹን ካራክተር ያህል ፖሊጎን (ምስሉ የሚገነባባቸው ጥቃቅን ቅርጾች) ይበላ ነበር። ለአበባ ማሰሮ! የጌሙ ሠሪ ኩባንያ ስኩዌር ኢኒክስ ይቅርታ ጠየቀ፣ ወርሃዊ ክፍያውንም ለጊዜው ተወ፣ ታኅሣሥ ላይ ሥራውን ለአዲስ ኃላፊ ለናኦኪ ዮሺዳ ሰጠ። የእሱ ቡድን አሮጌውን እየጠጋገነ ጎን ለጎን አዲሱን ሠራ። ኅዳር 2012 አሮጌው ሰርቨር ሲዘጋ በታሪኩ ውስጥ ጨረቃ አወረዱበት፤ እንዲህ አምሮበት የተዘጋ ጌም አላውቅም። አዲሱ ነሐሴ 2013 ሲከፈት ደግሞ ሰው ጎርፎ የዲጂታል ሽያጩን ለጊዜው እስከማቆም ደረሱ።

የሚገርመው ዛሬም የሚያደክመኝ ያው የ2013ቱ ክፍል ነው። ይህን አድርስ፣ ያንን አናግር፣ ተመለስ። በኋላ ያሳጠሩት ቢሆንም ትዕግሥት ይፈትናል። ሁለተኛው ማስፋፊያ ላይ ስትደርስ ግን ሙዚቃውም ፍልሚያውም ሌላ ነው።

ነፃው ገደብ አለው፦ ገበያው ዝግ ነው፣ ገንዘብህ ከ300,000 ጊል (የጌሙ ገንዘብ) አያልፍም፣ የራስህን ቡድን ማቋቋም አትችልም። ልግዛው ወይ? ገና ነኝ። አንዴ ከገዛህ ያው አካውንት ወደ ነፃው አይመለስም፤ ከዚያ በየወሩ ክፍያ ነው። አንድ ካራክተር ሁሉንም ሙያ መማር ስለሚችል ሂለሩን 70 አድርሼ አሁን ታንክ (ከፊት ሆኖ የጠላትን ምት የሚቀበለውን) ጀምሬያለሁ።