ራስን መከላከል ወይስ ግድያ?

ማታ ፒያሳ ላይ አንዱ ጩቤ መዘዘብህ እንበል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንዲህ ይለየዋል።

ጩቤው እጁ ላይ ሳለ፣ ማምለጫ አጥተህ በዱላ መታኸው፤ ሞተ፦ ምላሽህ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ በአንቀጽ 78 አትቀጣም።

ጥሎ ሲሮጥ አሳደህ መታኸው፦ አደጋው አልፏል፣ ይሄ በቀል ነው። ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል።

አስቸጋሪው መሃሉ ነው። ጥቃቱ እውነት፣ ምላሹ ግን ከልክ ያለፈ፤ በቡጢ ለመጣብህ ሰው ጩቤ እንደመምዘዝ። አንቀጽ 541 ቅጣቱን ከ5 ዓመት ወደማይበልጥ ቀላል እስራት ያወርደዋል። ከልክ ያለፍከው ጥቃቱ በፈጠረብህ ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 79 ያለ ቅጣት ሊያልፍህ ይችላል። ሟች ጀርባው ላይ ከተወጋ ግን ጠበቃህ ብዙ ይደክማል።